ራዲዮው ዝም ሲል፦ የአማተር ራዲዮ ብልሽት ፍለጋና መሣሪያዎቹ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ሲታዩ

የአጭር ሞገድ ራዲዮ መስማት ወይም መናገር ሲያቅተው ጥፋቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይገኛል፦ በሳጥኑ ውስጥ፣ ከሳጥኑ ውጭ ባለው ሽቦ ላይ (ባትሪ፣ ገመድና አንቴና ማለት ነው)፣ ወይም ሞገዱ በሚያልፍበት ሰማይ። ስለ ጥገና የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ሳጥኑ ነው፤ የመመርመሪያ መሣሪያ ገበያውም ወደዚያው ያደላል። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ለአማተር ራዲዮ ሰው የትኛው መሣሪያ ይበቃዋል፣ ፍለጋውንስ ከየት ይጀምር? መልሱ ግን ቦታ ይመርጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚያዋጣው መንገድ ደባርቅና ዳባት፣ ይልቁንም ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አምባራስ ላያዋጣ ይችላል። እዚያ ከፍታው፣ ዐለቱ፣ የፀሐይ ኃይሉና የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርበት የምርመራውን ቅደም ተከተል ይቀይሩታል።

ከቃኘው እስከ አምስት ኪሎ

በኢትዮጵያ የራዲዮ ጥገና እውቀት በሁለት ቤት አደገ፤ ሁለቱ ቤቶች ብዙም አልተገናኙም። አንደኛው የተቋማት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ከአቃቂ የተጀመረው የሬዲዮ ሥርጭት፣ ከ1963 እስከ 1977 የሠራው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ፣ ኋላም የመንግሥት ማሰራጫዎች የራሳቸው መሐንዲስ፣ የራሳቸው መለኪያና የራሳቸው መለዋወጫ መጋዘን ነበራቸው። ሁለተኛው የመንገድ ዳር ጠጋኝ ቤት ነው። የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትንሽ ራዲዮና ቴፕ ይዞ የሚመጣለትን ሰው በካቻቢቴ፣ በፒንሳ፣ በቴስተርና በጆሮው ያስተናግዳል። የቱን ክፍል ከየትኛው ሬሳ ቦርድ ነቅሎ እንደሚያመጣም ያውቃል።

አማተር ራዲዮ በሌላው ዓለም በነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል የቆመ ሙያ ነው። ፈቃድ ያለው ግለሰብ ያለ ትርፍ፣ ለመማርና ለመገናኘት የራሱን ጣቢያ ያቆማል፤ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 ሂትኪት የተባለው ኩባንያ ኦሲሎስኮፕ ተፈታቶ በካርቶን፣ በ50 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ መለኪያውን የገጣጠመው ሰው መለኪያው ራሱ ሲበላሽ ከየት እንደሚጀምር ያውቅ ነበር። ይህ የኪት ዘመን እኛ ዘንድ አልደረሰም ማለት ይቻላል። በአስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ኢቲ2ዩኤስ በሚል የጥሪ ምልክት አየር ላይ ቢወጡም፣ እውቀቱ ከግቢው አጥር አልወጣም። ቃኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘጋ፤ በደርግ ዘመን የግል አማተር ድምፅም ከአየር ላይ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በእግሩ ያቆመው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ነው። የክበቡ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በአምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ይገኛል፤ ተማሪዎች በዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚሳተፉት ከዚያ ሆነው ነው።

ይህ ታሪክ ለመሣሪያ ጥያቄው ቀጥተኛ ውጤት አለው። የሀገራችን አማተር በክበብና በዩኒቨርሲቲ ስለተጠለለ የምርመራ ልማዱ የቤተ ሙከራ ነው፤ ደባርቅ ላይ በራሱ ቤት ጣቢያ ሊያቆም የሚያስብ ሰው ግን ከቤተ ሙከራው ይልቅ ለመንገድ ዳሩ ጠጋኝ ይቀርባል።

ሦስት ወገኖች

ስለ ብልሽት ፍለጋ ከሚከራከሩት የመጀመሪያው ወገን ጆሮንና መተካትን ያስቀድማል። ዘዴው ጤነኛነቱ የታወቀ ነገር ይዞ የተጠረጠረውን አንድ በአንድ መቀየር ነው፦ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ የአንቴና ገመዱን፣ ቀጥሎ ማይኩን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር በዚህ ወገን ዘንድ ነውር ነው። ሳጥኑ ሲከፈትም ጆሮ መለኪያ ይሆናል። ጠጋኙ የካቻቢቴውን ብረት በጣቱ ነክቶ የቮልዩም መቆጣጠሪያውን መካከለኛ እግር ይነካካል፤ ስፒከሩ «እምምም» ካለ ከዚያ ወዲህ ያለው የድምፅ ማጉያ ክፍል በሕይወት አለ፣ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ካላለ ተቃራኒው። በአንድ ንክኪ ግማሹ ራዲዮ ከተጠርጣሪነት ወጣ። (ይህ በባትሪ ለሚሠራ ራዲዮ ብቻ ነው፤ በ220 ቮልት ወይም በአሮጌ አምፖል ራዲዮ ላይ ሕይወት ያስከፍላል።)

ከዚህ ወገን ምርመራዎች ሁሉ ብዙ የሚነግረው ግን ካቻቢቴም አይፈልግም። ራዲዮው ምንም ጣቢያ ካልሰማ የአንቴናውን ሶኬት ማላቀቅና ማዳመጥ ነው። በአጭር ሞገድ ላይ ከሰማይና ከአካባቢው የሚመጣው ጩኸት ከማንኛውም ደህና መቀበያ የራሱ ጩኸት ይበልጣል። ስለዚህ አንቴናው ሲላቀቅ ሹሹታው በግልጽ ከቀነሰ መቀበያው ጤነኛ ነው፤ ጥያቄው ወደ ሰማዩ ይዞራል። ካልተለወጠ ወይ መቀበያው ደንቁሯል፣ ወይ ከአንቴናው የሚመጣ ነገር የለም።

የዚህ ወገን ድክመት ግማሽ ብልሽት ነው። በግማሽ ኃይሉ የሚሠራ ማሰራጫ፣ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ግንኙነት፣ በጠዋት ብርድ የሚሰነጠቅ የሶልደር ነጥብ በጆሮ አይያዝም። መተካትም ዕዳ አለው፦ ትራንዚስተሩን ያቃጠለው ምክንያት ሳይታወቅ አዲስ ከተተከለ ሁለተኛውም ይቃጠላል።

ሁለተኛው ወገን መለኪያን ያስቀድማል፤ የቅርቦቹ ዓመታት የሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለኮምፒውተር ቴሌቪዥን ማሳያ የተሠራ ርካሽ ዩኤስቢ ወደ ሰፊ ሞገድ መቀበያነት ሲቀየር የሞገድ ስፔክትረምን በዓይን ማየት የቤተ ሙከራ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከጃፓን ንድፍ የተነሣው ናኖ ቪኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ሲሰራጭ፣ ቀድሞ በሺዎች ዶላር የሚገዛው የአንቴናና የገመድ መመርመሪያ ከኪስ ስልክ ባነሰ መጠን ወደ 50 ዶላር ገደማ ወረደ። የዚህ ወገን ማስረጃ ጠንካራ ነው፦ አንቴናው በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚስማማ፣ ገመዱ ስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ፣ ማጣሪያው ምን እንደሚያሳልፍ በደቂቃ ያሳያል።

ሦስተኛው ወገን «አትክፈተው» ይላል። የዛሬ ራዲዮ በአብዛኛው ሶፍትዌር ነው፤ ክፍሎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው፤ የቻይና የእጅ ራዲዮ ከጥገና ዋጋው በታች ይሸጣል፤ ስለዚህ ቀይረው። ይህ መከራከሪያ ዕቃው ከመደብር በሚታዘዝበት አገር ልክ ነው። እዚህ ግን ማስተላለፊያ ራዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ስለሆነ መተኪያው በመደርደሪያ አይጠብቅም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ቢኬድም የሚገኘው ክፍል እንጂ ራዲዮው አይደለም። ክፍሉም መታወቅ አለበት፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚነቀለው ቢጫና ነጭ ቀለበት ለምሳሌ ለአጭር ሞገድ አንቴና ትራንስፎርመር አይሆንም፣ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወገን የሚጣሉት በአብዛኛው በሳጥኑ ላይ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በደጋ መንደር፣ በባትሪ ለሚሠራ ጣቢያ ዋናው ጉዳይ ከሳጥኑ ውጭ ያለው ነው፤ እዚያ ደግሞ የመለኪያው ትልቁ አደጋ ውድነቱ መሆኑ ቀርቶ ላልተጠየቀ ጥያቄ በልበ ሙሉነት መመለሱ ሆኗል።

ኤስ ደብሊው አር የሚለውና የማይለው

መለኪያ ላልተጠየቀ ጥያቄ ለመመለሱ ምሳሌው ኤስ ደብሊው አር የሚባለው ንባብ ነው። ወደ አንቴናው የሄደው ኃይል ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይናገራል። 1.5 ለ1 ሲሆን የተመለሰው 4 በመቶ፣ 2 ለ1 ሲሆን 11 በመቶ፣ 3 ለ1 ሲሆን 25 በመቶ ነው። ጀማሪዎች ከ1.5 ወደ 1.1 ለማውረድ ቀን ሙሉ ሽቦ ይቆርጣሉ፤ በሚሰማቸው ጣቢያ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን በጆሮ የማይለይ ነው።

ዋናው ነገር ያልተመለሰ ኃይል ሁሉ ወደ አየር ወጣ ማለት አለመሆኑ ነው። የ50 ኦም የመሞከሪያ ጭነት ፍጹም 1 ለ1 ያሳያል፤ አየር ላይ የሚወጣ ነገር የለውም፤ ኃይሉ ሁሉ ሙቀት ሆኗል። ገመድም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። በብዛት የሚገኘው ቀጭኑ አርጂ 58 ኮአክስ 30 ሜትር ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ምንም አንቴና ሳይኖር በ145 ሜጋ ኸርዝ ቢለካ ንባቡ ከ2 ለ1 በታች ይሆናል። ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ ገመዱ አብዛኛውን ስለሚበላው ነው። ክረምት ዝናብ የገባበት ገመድ ደግሞ የባሰ ያታልላል፤ እርጥበቱ ብክነቱን ሲጨምረው ንባቡ ከበጋው ይልቅ «ይሻሻላል»። ጣቢያው እየደከመ መለኪያው የሚያሞግሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ናኖ ቪኤንኤ ያለው ሰው ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ መስማማትንና መርጨትን። የገመዱን ብክነት ለማወቅ ጫፉን ክፍት ትቶ ለብቻው መለካት ይቻላል። መለኪያው ራሱም ከመለካቱ በፊት በክፍት፣ በተዘጋና በ50 ኦም ጫፍ መስተካከል ይፈልጋል። በቀትር ፀሐይ የተስተካከለውን በጨነቅ ሌሊት ብርድ እንዳለ ማመን አይገባም።

ሁለት ሽቦ፣ ሃያ አምፔር

ባትሪው ላይ ቆም እንበል፤ «ራዲዮው ተቃጠለ» የሚባልበት የብዙ ጊዜው ምክንያት እዚህ ነውና። 100 ዋት የሚያወጣ የተለመደ የአጭር ሞገድ ራዲዮ 13.8 ቮልት ይፈልጋል። አምራቾች ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይፈቅዳሉ፤ ታችኛው ወሰን 11.7 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ሲያዳምጥ ከአንድ አምፔር ብዙም አይበልጥም፤ ሲናገር እስከ 20 አምፔር ይስባል።

ከሶላር ባትሪው እስከ ራዲዮው 4 ሜትር ርቀት ቢኖርና ለቤት መስመር የሚውለው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢዘረጋ፣ መሄጃና መመለሻ ተደምሮ 8 ሜትር መዳብ ነው። ይህ መዳብ በ20 አምፔር ከ1 ቮልት በላይ ይበላል። ባትሪው በጭነት ሥር 12.4 ቢያሳይ ራዲዮው የሚደርሰው 11.3 ነው። በማዳመጥ ጊዜ ግን የሚጠፋው ከአንድ ቮልት አሥረኛ ያነሰ ስለሆነ ቴስተሩ ምንም አያሳይም። ማይኩ ሲጫን መብራቱ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይሰባበራል፣ አንዳንዱ ራዲዮ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ባለቤቱ «ፋይናሉ (የመጨረሻው ኃይል ማጉያ) ሄደ» ብሎ ሳጥኑን ይፈታል።

ምርመራው ርካሽ ቴስተርና ሁለተኛ ሰው ብቻ ይጠይቃል። አንዱ እያስተላለፈ ሌላው መጀመሪያ በባትሪው ጫፎች ላይ፣ ቀጥሎ በራዲዮው መሰኪያ ላይ ይለካል። ሁለቱም ከወረዱ ባትሪው ደክሟል፤ የመሰኪያው ብቻ ከወረደ ገመዱ ወይም የፊውዝ ቤቱ ነው። 0.01 ኦም ብቻ ያለው የዛገ የፊውዝ መያዣ በ20 አምፔር 4 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ በጣት ሲነካ ይታወቃል። ሽቦው ወደ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢቀየር የሚጠፋው ቮልት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ይህን ችግር የትኛውም የኪስ ቪኤንኤ አያየውም፤ እሱ የሚለካው ራዲዮው በሌለበት ነው።

ከፍታም የራሱን ይጨምራል። ከ3,200 ሜትር በላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ እንኳ ስለማይሞላ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ በአንቴና ማስማሚያ ሳጥን ውስጥም ብልጭታ ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል። በዲጂታል ዘዴ ያለማቋረጥ የሚያስተላልፍ ሰው ኃይሉን መቀነስ ይገባዋል። ብርዱ ሙቀቱን ያካክሰዋል የሚሉም አሉ፤ በሌሊት እውነትነት አለው፣ በቀትር ፀሐይ ግን ጥቁር ሳጥን ላይ አይሠራም።

ዐለቱ ደግሞ የመሬት ማያያዣን ጥያቄ ያነሣል። የመብረቅና የኤሌክትሪክ አደጋ መከላከያ ማያያዣ አንድ ነገር ነው፣ አንቴናው የሚፈልገው የሞገድ መሬት ሌላ። በባዝልት ላይ ዘንግ አይገባም፤ ቢገባም ደረቅ ዐለት ደካማ አስተላላፊ ነው። እዚህ ላይ የሚያስማማው መሬት የማይጠይቅ ዳይፖል መስቀል፣ የጣቢያውን ብረቶች ሁሉ እርስ በርስ ማያያዝና ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሲከብድ አንቴናውን ነቅሎ ከቤት ውጭ መተው ነው።

ሰማዩ ሲከሰስ፣ ሰማዩ ሲረሳ

ደባርቅና ዳባት በቀጥታ መስመር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ የተያዙ ሁለት የእጅ ራዲዮዎች በሜዳ ላይ እንኳ የሚደርሱት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሊማሊሞ አፋፍ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቻላል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ሰው ደግሞ በቅርቡ ያለውን አይሰማም። ይህ ብልሽት አይደለም።

መፍትሔው ሞገዱን ወደ ላይ ተኩሶ ከአዮኖስፌር (ሞገድ ከሚመልሰው የላይኛው የአየር ክፍል) እንዲመለስ ማድረግ ነው። በ7.1 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ዳይፖል፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ዝቅ ብሎ ሲሰቀል፣ ገደል ሳይል እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ለሩቅ አገር ግንኙነት ጉድለት የሚባለው ዝቅታ እዚህ ጥቅም ነው። ሰዓቱ ካልታወቀ ግን ጤነኛ ራዲዮ እንደ ታመመ ይቆጠራል፦ 3.5 ሜጋ ኸርዝ በቀትር በታችኛው የአዮኖስፌር ንጣፍ ይዋጣል፤ 14 ሜጋ ኸርዝ ላይ ደግሞ ሰውየው ሮማን እየሰማ ጎንደርን አይሰማም፣ ጎንደር ሞገዱ ዘሎ በሚያልፈው ክልል ውስጥ ወድቃለችና።

የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ ኬክሮስ አቅራቢያ ያልፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 እና 58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ መግነጢሳዊ ልኬት የሚያካሂደው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዋሸራ ቤተ ሙከራው አዮኖስፌርን የሚያጠናው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአማተሩ ተግባራዊው ነገር ይህ ነው፦ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ ይታወካል፤ ድምፆች ይርገበገባሉ፣ የጂፒኤስ ንባብ እንኳ ይወላውላል። በነዚያ ምሽቶች የኦሲሌተር ብልሽት ፍለጋ ሳጥን መክፈት ድካም ነው። በሌላ ቀን፣ በቀትር ያው መንቀጥቀጥ ካለ ግን ሳጥኑ ይከፈት።

ጩኸትንም በምንጩ መለየት ይቻላል። በ100 ኸርዝ የሚርገበገብ ዝዝታ ከመብራት መስመር ነው፤ በየተወሰነ ኪሎ ኸርዝ የሚደጋገም ጭረት ከስልክ ቻርጀር ወይም ከሶላር መቆጣጠሪያ ነው። ራዲዮውን በባትሪ ብቻ አድርጎ የቤቱን ነገር ሁሉ ማጥፋት ይለየዋል። ምንም ቢጠፋ የማይለወጥ ጩኸትም አለ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2009 ጀምሮ በቀጣናችን ከ7.1 እስከ 7.2 ሜጋ ኸርዝ ያለው ለአማተር ቢመደብም፣ የሀገራችን ሬዲዮ በ7110 ኪሎ ኸርዝ ሥርጭት፣ ከላዩም በኤርትራ ጣቢያዎች ላይ የሚለቀቀው ማፈኛ በዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ኅብረት ክትትል ለዓመታት ሲመዘገብ ኖሯል። እዚያ ላይ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወደ 7.05 ዝቅ ማለት ይሻላል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

አንደኛው ስለ ኢንተርኔት ነው። ዛሬ «ማሰራጫዬ ይሠራል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ፈጣኑ መልስ በሩቅ አገር ባሉ ተቀባዮች የተሰማውን በድረ ገጽ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኤፍቲ8 የተባለው ዲጂታል ዘዴ በጣም ደካማ ምልክትን ማንበብ ስለሚችል ለዚህ ተመራጭ ሆኗል፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአንድ ሴኮንድ ብዙ እንዳይዛነፍ ይፈልጋል፤ ብዙዎች ሰዓቱን የሚያስተካክሉት ከኢንተርኔት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ይህ የመመርመሪያ መንገድ ራዲዮ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚጠፋ ነው። ሰዓቱን ከጂፒኤስ መቀበያ መውሰድ ይቻላል፤ የሩቁን ተቀባይ ምስክርነት ግን የሚተካው ቀጠሮ ያለው ሌላ አማተር ብቻ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ጣቢያዎች መብዛት አለባቸው።

ሁለተኛው የሕግ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባት፣ መገጣጠምና መሸጥ በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስፔክትረሙን ያስተዳድራል። ማስተላለፍ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አከራካሪ አይደለም፤ መጠየቅም አለበት። ግልጽ ያልሆነው ዳርቻው ነው። የአንቴና መለኪያ ጥቂት ሚሊ ዋት እንኳ የማይሞላ ምልክት ይለቃል፤ መሣሪያ ነው ወይስ ማሰራጫ? ራሱ ሶልደር አድርጎ ማጣሪያ የሠራ ተማሪ «ገጣጠመ» ይባላል? መለኪያን ከማሰራጫ በግልጽ የሚለይ መመሪያ ቢኖር ከላይ ያየነው የሁለተኛው ወገን ክርክር አሁን ከሚመዝነው በላይ ይመዝን ነበር። እስከዚያው ድረስ ቴስተር የያዘው የመጀመሪያው ወገን በሕግም በኩል ይቀልለዋል።

ሦስተኛው የፊዚክስ ነው። በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ የመሬት መግነጢሳዊ መስመሮች አግድም ሆነው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። በቀጥታ ወደ ላይ የሚላክ ሞገድ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፦ ከሰሜን ደቡብ የተዘረጋ ዳይፖል አንደኛውን ዓይነት፣ ከምሥራቅ ምዕራብ የተዘረጋው ሌላኛውን ያስነሣል፤ ሁለቱ የሚመለሱበት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲም ሆነ የሚደርስባቸው ብክነት እኩል አይደለም። አንዱ ጣቢያ ሰሜን ደቡብ፣ ሌላው ምሥራቅ ምዕራብ ከዘረጋ፣ ሁለቱም ራዲዮዎችና ሁለቱም አንቴናዎች ጤነኛ ሆነው ግንኙነቱ ይደክማል፤ የትኛውም መለኪያ ጥፋት አያሳይም። ደባርቅ ከወገቡ በስተሰሜን አራት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ልዩነቱ እዚያ ምን ያህል ጎልቶ ይወጣል የሚለው በመለካት የሚመለስ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ 40 ሜትር ሽቦ፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና ጎንደር ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ንባቡን የሚጽፍ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር አንድ ጊዜ፣ 7 ሜጋ ኸርዝ ሊዘጋ ሲቃረብ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው።